ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የላይከንን ስምስ ማን ያወጣዋል?

አጉሊ_መነጽር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ ሥራዬን ጠቀስ ሳደርግ ሦስት ሰው በውስጥ መስመር «ላይከን ደግሞ ምንድን ነው? ለሱም ደመወዝ ይከፈላል?» ብሎ ጻፈልኝ። ይከፈላል፤ ትንሽ። ለብቻው ክር ልክፈትለት ብዬ ነው።

የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ኸርባሪየም ውስጥ እሠራለሁ፤ የደረቀ ተክል፣ ፈንገስና ላይከን በፖስታ ታሽጎ በመሳቢያ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። ሳይንቲስት አይደለሁም። ፖስታ አጥፋለሁ፣ መለያ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ቦታው የጠፋ ናሙና እፈልጋለሁ። ከባለሙያዎቹ አጠገብ አምስት ዓመት ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ሰው ሁሉ አዲስ ዝርያ የሚገኘው ጫካ ውስጥ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ላይከንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አታውቁትም እንጂ። የድንጋይ አጥር ላይ ቀለም የፈሰሰበት የሚያስመስለው ግራጫና ብርቱካናማ ነገር፣ ደጋ ላይ ከአስታና ከኮሶ ቅርንጫፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው። ሲያዩት አንድ ፍጡር ነው፤ በውስጡ ግን የፈንገስና የአልጌ ትዳር አለ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ በአልጌው ፈንታ ሳይኖባክቴሪያ፣ እንደ አልጌው ከፀሐይ ምግብ የምታበስል ባክቴሪያ፣ ትገባለች። እስካሁን ስም የወጣላቸው ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ።

ከዚህ ሥራ ታሪኮች የምወደውን ልንገራችሁ። ኬሪ ክኑድሰን የሚባል ሰው አለ። ዕድሜውን በግንባታ ሥራ ያሳለፈ ነው። ላይከን ውስጥ የገባው ያንን ሥራ ከተወ በኋላ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ኸርባሪየም የላይከን ክምችት ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከባሕር ዳርቻው ወጣ ብላ ባለችው ሳንታ ሮዛ ደሴት ላይከን ሲቆጥር አፈር ላይ የምትበቅል አንዲት ብርቱካናማ አገኘ። ደሴቲቱ ለረጅም ዘመን የከብት እርባታ ነበረች፤ አፈር ላይ የምትኖር ነገር ደግሞ ሰኮና አትችልም፣ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከብቱ በ1998 ከወጣ በኋላ ነው ያንሰራራችው። ክኑድሰን የመጨረሻ ናሙናዎቹን የሰበሰበው በ2008ቱ የምርጫ ዘመቻ ማብቂያ ሳምንታት ነው፤ የጽሑፉን ረቂቅ የጨረሰው ደግሞ ኦባማ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት። «ለሳይንስና ለሳይንስ ትምህርት ስላደረገው ድጋፍ» ብሎ ካሎፕላካ ኦባማኤ አላት።

ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ሙግት_አይሰለቸኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

አንድ፦ ለድንጋይ ሻጋታ የፕሬዚዳንት ስም መስጠት ክብር ነው ስድብ?
ሁለት፦ «ኦባማኤ» ምንድን ነው? የሴት ስም አደረጉት እኮ።
ሦስት፦ ሥልጣን ላይ ባለ ሰው ስም መሰየም ሳይንስ ሳይሆን ካድሬነት ነው። እኛ አገር ቢሆን ይኼኔ ጉድ ይባል ነበር።

አጉሊ_መነጽር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሻጋታ አይደለም፤ አፈር ላይ ነው ያልኩት እንጂ ድንጋይ ላይም አላልኩም 🙂

የሁለተኛው መልስ የላቲን ሰዋስው ነው። የወንድ ስም ሲሆን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ኢ» ይጨመራል፤ ስሙ ራሱ በ«አ» ድምፅ ካለቀ ግን ለወንድም ለሴትም «ኤ» ነው የሚጨመረው። ስለዚህ ኦባማ፣ ኦባማኤ። አቶ ተሰማም ቢሆኑ ተሰማኤ ነው የሚሆኑት፤ ማንም ሴት አላደረጋቸውም።

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ አንተ ኑግ ትበላለህ? የኑግ ሳይንሳዊ ስም ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው። ጊዞ ማን ነው? የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ፖለቲከኛ። በፆም የምንደቁሰው ኑግ ለማናውቀው ፈረንሳዊ መታሰቢያ ሆኖ ሲኖር ማንም ካድሬ አላለንም።

የባሌ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

😂😂 ከዛሬ ጀምሮ የኑግ ልጥልጥ ሲቀርብልኝ «ሙሴ ጊዞ እንዴት አደሩ» እላለሁ።

ጋሽ_ደምሴ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጆች፣ እንዴት አደራችሁ። እኔ ባዮሎጂ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ላይከንን በየዓመቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በሁለት መስመር አልፈዋለሁ፤ «የሲምባዮሲስ ምሳሌ» ብዬ ቦርዱ ላይ እጽፍና ወደ ሚቀጥለው። አንድም ተማሪ አውጥቼ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አለማሳየቴ አሁን ያሳፍረኛል። አጥሩ ሞልቶት ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈንገሱና አልጌው ሁለት ናቸው። ስሙ ግን አንድ ነው። የማነው ስሙ? የባልየው ነው የሚስቲቱ ነው ወይስ የትዳሩ?

አጉሊ_መነጽር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ፣ ጥያቄዎት ሰዎቹን ራሳቸውን ሲያጣላ የኖረ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ለላይከን የወጣ ስም የፈንገሱ ስም ነው። አልጌው የራሱ ሌላ ስም አለው፣ አንዱ አልጌ ደግሞ ብዙ የተለያዩ ፈንገሶች ቤት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ትዳሩ ስም የለውም።

በፊት ግን ሁለት መሆናቸው ራሱ አይታወቅም ነበር። የላይከን ጥናት አባት የሚባለው ስዊድናዊው ሐኪም ኤሪክ አካሪዩስ ሲለያቸውና ሲሰይማቸው እንደ አንድ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ስዊሳዊው ሲሞን ሽቬንደነር «ይኼ አንድ ፍጡር አይደለም፤ ፈንገስ አልጌን እስረኛ አድርጎ ነው» ሲል የዘመኑ ትልልቅ ባለሙያዎች ሳቁበት። ከሁሉ የከፋው ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነበር፤ እስኪሞት አልተቀበለውም። የሚገርመው ዛሬ እኔ የምሠራበትን የኬሚካል ምርመራ የጀመረው ይኸው ግትር ሰው ነው። በ1866 ፓሪስ ውስጥ በሉክሰምበርግ መናፈሻ ያሉትን ላይከኖች ቆጥሮ የከተማው አየር እየገደላቸው መሆኑን ያስተዋለውም እሱ ነው። እንዲህ ያየ ዓይን የሽቬንደነርን እውነት ግን አላይ አለ።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በ2016 ቶቢ ስፕሪቢል እና ባልደረቦቹ የብዙ ላይከኖች ቆዳ ውስጥ ሦስተኛ እንግዳ፣ እርሾ፣ እንዳለ አሳዩ። መነሻው ሁለት የፀጉር ላይከኖች ነበሩ፤ አንዷ ቡናማ ናት፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አብስለው ይበሏት ነበር፤ ሁለተኛዋ ቢጫና መርዛም ናት። ፈንገሳቸውም አልጌያቸውም ያው ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የእርሾው ብዛት ላይ ነበር።

ጋሽ_ደምሴ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡52

ሚዜውም ቤት ውስጥ ነበር በለኛ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።

የባሌ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ ያደግሁት ከሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ከታች ሲወጣ ዛፉ ሁሉ ፂም ያወጣ ሽማግሌ ይመስላል። እኛ ቤት በአማርኛ «የዛፍ ሽበት» ነበር የምንለው፣ አያቴ በኦሮምኛ «አሪ ሙካ» ትለዋለች፤ ትርጉሙ ያው ነው። ቁስል ላይ ታስርልን ነበር። ለሆድም ቀቅላ ትጠጣው ነበር።

እና የኔ ጥያቄ፦ ስም ካለው ለምን «ስም ወጣለት» ይባላል? አያቴ ስታወጣለት የት ነበሩ?

እመቤት_ከዱባይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡48

ስለ ሽበት ካነሳችሁ አይቀር እኔም ልግባ። የምሠራው ሕንዶች ቤት ነው፣ ምግብ አብሳይ ነኝ። ማዳም ቢሪያኒ ስታሠራኝ ከቅመሙ ጋር የምታስጨምረኝ ጥቁርና ግራጫ የተጨማደደ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ፤ «ዳጋድ ፉል» ይሉታል። ትርጉሙን ስጠይቃት «የድንጋይ አበባ» አለችኝ። ዘይት ሲነካው የጭስና የአፈር ሽታ ያወጣል። አበባ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት። ዛሬ እናንተን ሳነብ ፓኬቱን አውጥቼ አየሁት፤ አባቴ ቤት የሽንብራ ማሳ ድንጋይ ላይ የነበረው ቁርጥ ራሱ ነው!

አጉሊ_መነጽር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡00

እመቤት፣ በትክክል ላይከን ነው። ማዳምሽ ሳታውቀው የኔን መሳቢያ እያበሰለች ነው። (የአባትሽ ድንጋይ ላይ ያለው ግን ያው ዝርያ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ድስት እንዳትጨምሪው።)

የባሌ ልጅ፣ ያነሳኸው ቁም ነገር ነው፣ ልሸሸው አልፈልግም። የአያትህ ስም ስም ነው። ሳይንሱ የሚጠይቀው ሌላ ሥራ ነው፤ «የዛፍ ሽበት» ሲባል የሚንጠለጠለው ሁሉ ይጠቃለላል፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዝርያ አለ። አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ተጽፎ፣ አንድ ናሙና ለዘለዓለም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ «ይህ ስም ማለት ይህቺ ቁራጭ ናት» ሲባል ነው ስም ወጣ የሚባለው። ያች ቁራጭ «ታይፕ» ትባላለች።

ደግሞ ሳይንሱ ከሕዝብ አፍ አይወስድም አይባልም። የሚንጠለጠለው ፂም ጂነሱ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ወገን ማለት ነው) ኡስኒያ ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ኡሽና» ነው። ጤፍ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ጤፍ» እንደተባለ ገብቷል። ዋጊኖስ ግን አልቀናውም፤ ብሩሲያ ተብሎ በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በጄምስ ብሩስ ስም ቀረ።

ነጭ_ጋወን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡25

ፋርማሲስት ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ። የዛፍ ሽበት ውስጥ ያለው ኡስኒክ አሲድ ባክቴሪያን ይገድላል፣ አያትየው ቁስል ላይ ማሰራቸው መሠረት አለው። መጠጣቱ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ተብሎ ኡስኒክ አሲድ ያለበት እንክብል ይሸጥ ነበር፤ የሰው ጉበት እያበላሸ በ2001 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ማስጠንቀቂያ አወጣበት። ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ።

ዘርአብሩክ_4ኛ_ዓመት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ባዮሎጂ። ደብረ ብርሃን አባቴ ግቢ የድንጋይ አጥሩ ላይ ያለውን ከትናንት ጀምሮ ስቆጥር ነበር፤ በዓይን ብቻ ዘጠኝ ዓይነት አገኘሁ። አንዱ በተለይ ግራጫ ሆኖ ጠርዙ ቀና ቀና ያለ፣ መሀሉ እንደ ተሰነጣጠቀ ምጣድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚመስለው አጣሁ። አዲስ ሊሆን ይችላል? አዲስ መሆኑ የሚታወቀውስ እንዴት ነው? ደረጃ በደረጃ ቢያስረዱኝ።

አጉሊ_መነጽር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡40

ዘርአብሩክ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ረዥም ነው፣ ቡና ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ስለ አሰባሰቡ። ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን በመዶሻና በመሮ ከነድንጋዩ ነው የሚያነሱት። የሚገባው ወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው። ፌስታል ውስጥ እንዳታስገባ፤ ይሻግታል፣ ልፋትህ ገደል ይገባል። ፖስታው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ ፀሐይ ነው ጥላ የሚለው ሁሉ ይጻፋል። ይህ ካልተጻፈ ያለህ ናሙና ሳይሆን ጠጠር ነው። ስንት ጠጠር በዚህ እጄ እንዳለፈ!

ቀጥሎ ማጉያ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ቀጥሎ ኬሚካል። እዚህ ነው ወጥ ቤትህ የሚጠቅምህ። ባለሙያዎቹ «ሲ» የሚሉት ፈሳሽ በረኪና ነው፣ ልብስ የምታነጣበት። የላይኛውን ቆዳ በምላጭ ገለጥ አድርገህ ነጩን ውስጡን ታወጣና በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ ትነካዋለህ። አንዳንዱ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዱ በቅጽበት ቀይ ይሆናል። «ኬ» የሚሉት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ያንን ቤት አትሞክር፣ ቆዳ ይልጣል።

ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ፍሬው፣ እንደ ትንሽ ሳህን ያለችው፣ በምላጭ ከፀጉር ቀጥና ትቆረጣለች። የስፖሩ (ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ዘር) ቁመት፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ በአንድ ከረጢት ውስጥ ስንት እንደሆኑ ይቆጠራል። አንድ ባለሙያ ከጠዋት እስከ ማታ ስፖር ሲለካ ውሎ «ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ አእምሮው ላይ ሥጋት ነበረኝ። ከዚያ ዲኤንኤ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም። አሁን ነው እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው፦ ከ200 ዓመት ወዲህ ከወጣው ስም ሁሉ መካከል ይህን ላይከን ማንም አልሰየመውም? ቀድሞ የወጣ ስም ካለ የሚጸናው እሱ ነው፤ ያንተ ወረቀት ይቀደዳል። የድሮ ሰዎች ደግሞ የጻፉት በላቲን ነው፣ ሁለት መስመር፤ «ግራጫ፣ ድንጋይ ላይ የሚኖር፣ ፍሬው ጥቁር»። ይህ መግለጫ ለሺህ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ታይፑን ራሱን ማየት ግድ ነው።

የኛን አካባቢ ውሰድ። ጣልያናዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ በ1870 ቦጎስ፣ ከረን አካባቢ ሄዶ ላይከን ሰብስቦ ነበር። ባልዬቶ የሚባል የአገሩ ሰው በ1875 ዝርዝሩን አሳተመ። እንግዲህ አንተ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኸው አዲስ ነው ለማለት የቤካሪን ቁርጥራጮች ያየ ሰው ያስፈልግሃል። ለአበባ ተክሎች የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት ስምንት ቅጽ ተጽፎላቸዋል፤ ላይከን ግን እዚያ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ያንተ አጥር የሚያጓጓኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ኸርባሪየም አለ፣ እዚያ ሂድና ሰዎቹን ተዋወቅ።

ማሳሰቢያ፦ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ አትሰብስብ። ናሙናም በፖስታ ወደኔ እንዳትልክ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። አባትህን ግን ማስፈቀድ ትችላለህ።

ሙግት_አይሰለቸኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡05

ቆይ ቆይ። እንዳልከው ከሆነ «ግኝት» የሚባለው ከነበረው ላይ መከፋፈል ነው። ትናንት አንድ የነበረውን ዛሬ ሁለት ይሉታል፣ ሁለት ወረቀት ያሳትማሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ክልል ሲከፋፈል እንደምናውቀው ነው።

አጉሊ_መነጽር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እንዲህ የሚያደርግ የለም አልልህም። ሙያው ውስጥም «ሰንጣቂ» እና «ጠቅላይ» እየተባባሉ ይሰዳደባሉ።

ግን የኮራን ነገር ስማ። ኮራ ላቲን አሜሪካ ተራሮች ላይ የሚበቅል፣ የጆሮ ቅርጽ ያለው ሰፊ ላይከን ነው፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ማንም የማይስተው። ለብዙ ዘመን አንድ ዝርያ ሲባል ኖረ። በ2014 ሮበርት ሉኪንግ እና ጓደኞቹ ዲኤንኤውን ሲያነቡት ቢያንስ 126 ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ካወቁ በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ የጠርዙ ፀጉር፣ ቀለሙ፣ የሚኖርበት ከፍታ። ቀድሞ ሁሉም «እሱማ ይታወቃል» እያለ ያልፈው ስለነበር ነው። እንደ ጋሽ ደምሴ አጥር። (ይቅርታ ጋሼ።)

አንዱ ዝርያ አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ኮረብታው ሲታረስ ይጠፋል። «ኮራ ሁሉም ቦታ አለ» እየተባለ ያ መጥፋቱን ማን ያያል?

ጋሽ_ደምሴ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

አልተቀየምኩም፤ ልክ ነህ።

ያችን የኮሶ ነገር ግን ንገራቸው። እኔም ድሮ የሆነ ቦታ አንብቤ ከላይከን ጋር የምታገናኝ ነገር እንዳለች አስታውሳለሁ።

አጉሊ_መነጽር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ ይህን ማወቅዎ! እንካችሁ።

ጄምስ ብሩስ ኮሶን ከኛ አገር አይቶ ሲመለስ በወዳጁ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊሰይመው ፈለገ። የባንክስ ስም ግን በ1782 ለአንድ የአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ አልቋል። ኮሶ ያለ ስም ቀረ። በ1791 ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ ኮኒግስበርግ ለነበረው ለመድኃኒት ቀማሚው ለሃገን መታሰቢያ ብሎ ሃጌኒያ አለው። ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ እስከ ዛሬ።

አሁን ላይከኑ ይምጣ። በ1824 ኤሽቫይለር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ለአንድ የላይከን ጂነስ ስም ሲያወጣ… ሃጌኒያ አለው! ኮሶ ቀድሞ እንደያዘው አላስተዋለም። ተክልና ፈንገስ የሚመሩት በአንድ የስያሜ ሕግ ስለሆነ አንድ ስም ለሁለቱ አይሆንም፤ የቀደመ ያሸንፋል። ላይከኑ ስሙን ተቀማ፣ ዛሬ አናፕቲኪያ ነው የሚባለው። ኮሶ በባንክስ ተሸንፎ፣ ላይከኑን አሸንፎ ወጣ ማለት ነው። ኮሶ ትል ብቻ አይደለም የሚያስወጣው።

የባሌ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡44

😂😂😂 የመጨረሻዋን መስመር ስክሪንሾት አደረግኋት።

እመቤት_ከዱባይ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። በራስ ስም መሰየም ይቻላል? ወይ ደግሞ ለእናት?

አጉሊ_መነጽር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡35

ማን ይስቅብሻል። በራስ ስም መሰየምን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ግን ነውር ነው፣ ማንም አያደርገውም። የሰያሚው ስም ከዝርያው ስም ኋላ ስለሚጻፍ ለሱ ያ ይበቃዋል። ለእናት ግን ይቻላል፤ ለሚስት፣ ለአስተማሪ፣ ለዘፋኝም። ደቡባዊ አፓላቺያ ተራሮች ላይ የተገኘች አንዲት ላይከን በ2015 በዶሊ ፓርተን ስም ጃፔዊየላ ዶሊፓርቶኒያና ተብላለች፤ ዘፋኟ የዚያው ተራራ ልጅ ናት።

በገንዘብም ተደርጓል። በ2011 ካናዳ ውስጥ ትሬቨር ጎዋርድ የሁለት ላይከኖችን የስያሜ መብት ለደን ጥበቃ ማኅበራት ለጨረታ ሰጠ። አንዲት ሴት ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ከፍላ አሸነፈችና በሞተ ባሏ በሄንሪ ኮክ ስም ብሪዮሪያ ኮኪያና እንድትባል አደረገች። ባሏ ዛፍ ሲተክልና ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር፤ ገንዘቡም የጥንት ደን ለማዳን ዋለ።

ሙግት_አይሰለቸኝ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡50

እንግዲህ ይኸው! ስም ተሸጠ። ነገ የቢራ ፋብሪካ ይገዛል።

አጉሊ_መነጽር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20

ይህ ሥጋትህ የኔም ነው፤ አንዴ እንኳ ተስማማን። የሴትየዋን ነገር ሳነብ ግን ልቤ እሺ አለ። ለሙት ዓመት ድንኳን ከመጣል በምን ያንሳል?

ደግሞ ስሙ የሚጸናው በገንዘብ አይደለም። ከ2012 በፊት መግለጫው በላቲን መጻፍ ነበረበት፤ አሁን እንግሊዝኛም ይሆናል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የፈንገስ ስም በታወቁት መዝገቦች ገብቶ ቁጥር ካላገኘ ስም አይባልም። ታይፑ የት እንደተቀመጠ ካልተጻፈም እንዲሁ። ቢራ ፋብሪካውም ቢሆን ስፖር የሚለካለት ሰው ይፈልጋል።

የባሌ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ዘርአብሩክ፣ ያንተ አዲስ ከሆነ በጋሽ ደምሴ ስም ይሁን። አጉሊ፣ በላቲን እንዴት ይሆናል?

አጉሊ_መነጽር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡12

በ«ኤ» ስለሚያልቅ «ኢ» ይጨመርበታል፦ ደምሴኢ።

ጋሽ_ደምሴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ተዉ እናንተ ልጆች። በሁለት መስመር ላለፍኩት ነገር ስም አይገባኝም። በአባቱ ይሰይመው፤ አጥሩን የካበው እሳቸው ናቸው።

ዘርአብሩክ_4ኛ_ዓመት | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡05

አባቴ ፈቅዷል፤ «ድንጋዩን ግን እንዳታናጋብኝ» ብሏል። ከሥር ከወደቀው ድንጋይ ላይ አነሳሁ። እንዳሉኝ በምላጭ ገለጥ አድርጌ በረኪና በስንጥር ነካሁት። ቀይ ሆነ!!! እናቴ ራሷ መጥታ አየች።

አጉሊ_መነጽር | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጎበዝ። ሦስት ነገር ንገረኝ። ቀዩ ወዲያው ጠፋ ወይስ ቆየ? በረኪናው ጠርሙስ ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው? ያረጀ በረኪና ይዋሻል። ሦስተኛ፣ የነካኸው ነጩን ውስጡን ነው ወይስ ላዩን?

ዘርአብሩክ_4ኛ_ዓመት | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡31

ነጩን ነው። ወዲያው ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። በረኪናው የመቼ እንደሆነ እናቴን ልጠይቃት፣ መጣሁ።